በግራዋ ያጠብሁት የዓሣ ቤት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርሁትም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርሁትም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ስናዘዝ፣ በጾም ቀን ወተት መቅመሴን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ ጠላዬ ላይ ውሃ ማብዛቴን ሳይቀር እናገራለሁ። ይህችን ብቻ እዘልላታለሁ። ረስቻት እንዳይመስላችሁ። የምዘልላት የት እንዳለች ደኅና አድርጌ ስለማውቅ ነው።

አሁን የበደልሁት ሰው፣ አደም፣ ሞቷል፤ እኔም ምርኩዝ ይዣለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበርና በልጅነቴ ዳዊት አስደግሞኛል፤ ብዕር መያዝ አያቅተኝም። ስለዚህ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ። እናንተ የምታነቡት ለጊዜው የንስሐ አባቴ ሁኑ። እንድታዝኑልኝ ግን አልጠራኋችሁም።

ጥሩነሽ እባላለሁ። በጣሊያን ዘመን በደብረ ታቦር ከተማ እኔ ነኝ ያልሁ ጠላ ጠማቂ ነበርሁ። የጥሩነሽ ጠላ ፊትን ያሳያል ይባል ነበር። ምስጢሩ ጌሾው አይደለም፤ ጋን አጠባው ነው። ውሃ ያንቦጫረቀ ሁሉ ጋን አጠበ አይባልም። ለጋ የግራዋ ቅጠል ተቆርጦ፣ ተጨፍልቆ፣ አረፋው እስኪወጣ ድረስ የጋኑ ሆድ ይታሻል። ከዚያ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ከአሮጌው አተላ አንዲት ጠብታ ከቀረች አዲሱን ታበላሸዋለች። ይህን ከእናቴ ተምሬ ሕጌ አድርጌው ኖርሁ። ሕጉ ለጋን ትክክል ነው፤ ዛሬም ቢሆን ማንም አይከራከረኝም።

ጣሊያኖቹ ከተማውን ከያዙ በኋላ ገብሱም ጌሾውም ጠፋና ጠላ ቤቴን ዘጋሁ። አንድ ካፒቴን ቤቱን እንዳጸዳለትና ልብሱን እንዳጥብለት ቀጠረኝ። ለጠላት አደረች ብላችሁ ትወቅሱኝ ይሆናል። ወቀሳው ይገባኛል፤ የዛሬው ኑዛዜ ግን ስለዚያ አይደለም።

ካፒቴኑ ሳሎኑ ውስጥ የዓሣ ቤት ነበረው። ከተሰባበሩ የጭነት መኪናዎች የተረፈ መስተዋት በብረት ተገጥሞ፣ ስፌቱ በሬንጅ ተደፍኖ፣ እንደ ሣጥን ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከታች አሸዋ ተነጥፎበታል፤ በውሃው ውስጥ ሰባት ቆሮሶ የሚባሉ የጣና ዓሦች፣ ገና ጣት የሚያህሉ፣ ይመላለሳሉ። ካፒቴኑ ከሥራ ሲመለስ ቆቡን ሳያወልቅ ወንበር ይስብና ፊታቸው ተቀምጦ ያፏጭላቸዋል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ዓሣ ይበላል እንጂ ይፏጭለታል እንዴ?

ዓሦቹን ያመጣቸው አደም ነው። አደም ከወረታ ወዲያ፣ ከሐይቁ ዳር የሚኖር እስላም ዓሣ አስጋሪ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ በቅሎውን እየነዳ ይመጣል፤ ለካፒቴኑ ማዕድ የደረቀ ዓሣ፣ ለዓሣ ቤቱ ደግሞ ሁለት ቆርቆሮ የሐይቅ ውሃ ይጭናል። ከአሮጌው ውሃ በጣሳ ጨልፎ ያወጣል፤ ከአዲሱ በጣሳ ይጨምራል። እንደገና ጨልፎ ያወጣል፤ እንደገና ይጨምራል። በዚያ ዝግታው ደሜ ይፈላ ነበር።

አንድ ቀን፣ “ምን እንዲህ ያንጠባጥብሃል? ገልብጠህ ደፍተህ አታጥበውም?” አልሁት። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን አንተ ነበር የምለው።

“አይሆንም፣ እታለም” አለኝ። “ዓሣ የለመደው ውሃ አለው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከቀየርሽበት አገሩን እንደ ቀማሽው ቁጠሪው። በትንሽ በትንሹ ነው እንጂ።”

“አረንጓዴ ሆኗል እኮ! ይህንን ነው ውሃ የምትለው?”

“ላንች እድፍ ነው። ለነሱ ግን ቤታቸው ነው።”

ንጽሕናን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ ውስጥ መኖሩን መቀበል አልቻልሁም፤ ያውም ዓሣ ዓሣ የሚሸት ሰው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ አረንጓዴ መስተዋት በሳሎኑ ባለፍሁ ቁጥር የሚሰድበኝ ይመስለኝ ጀመር።

ከጎንደር አንድ ትልቅ ሹም ካፒቴኑን ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። ካፒቴኑ በአስተርጓሚው አፍ ቤቱ ወለል ብሎ እንዲጠብቀው አዘዘኝ። ስለ ዓሣ ቤቱ አንዲት ቃል አልተናገረም። ይህን ስንት ጊዜ አሰላስዬዋለሁ! ያዘዘኝ የለም። ያሳሳተኝም የለም።

የዚያን ቀን ጧት አደም መጣ። እንደ ልማዱ በጣሳ አውጥቶ፣ በጣሳ ጨምሮ፣ “ደኅና ዋይ፣ እታለም” ብሎኝ በቅሎውን ግቢው ውስጥ አስሮ ወደ ገበያ ወረደ። አስተርጓሚውና ወታደሮቹ ከካፒቴኑ ጋር እንግዳውን ሊቀበሉ ወጡ። ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሰባቱን ዓሦች በጣሳ እየጨለፍሁ ባልዲ ውስጥ ጨመርኋቸው። አሮጌውን ውሃ ጥርግ አድርጌ ጓሮ ደፋሁት። ከአጥሩ ሥር ከበቀለው ግራዋ አንድ እቅፍ ቆረጥሁ፤ ጨፈለቅሁት፤ መስተዋቱን አሸሁበት። አሸዋውን እንኳ አልተውሁትም፣ ከቅጠሉ ጋር እንደ ጉድ አሸሁት። አረፋው እስከ ክርኔ ደረሰ። ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ። ወይራ ማጠን ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱንም የተውሁት መስተዋቱን ጥላሸት እንዳይዘው ብዬ ነው። ከዚያ ከጉና በኩል ከሚወርደው ምንጭ በማለዳ የተቀዳውን፣ ጥርስ የሚያንገጫግጨውን ውሃ አፍ እስከ ገደፉ ሞላሁበትና ዓሦቹን መለስኋቸው።

እንዴት ያምር ነበር! ውሃው የሌለ ይመስል ነበር። ዓሦቹ ወዲያና ወዲህ ተወረወሩ፤ ከዚያ ሰባቱም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። እኔ ደስ ብሏቸው ነው አልሁ። ጎረቤት ባየልኝ ብዬም ተመኘሁ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል ለሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንደኛው በጎኑ ተኛ። በእጄ ቀና ባደርገው ተመልሶ ተኛ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰባቱም ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አዙረው ተንሳፈፉ። ጣቴን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቀመስሁት። መረረኝ። ግራዋው ከአሸዋው አልወጣም ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። ገና ማንም ሳይጠይቀኝ አውቄዋለሁ። ምሬቱ ይሁን፣ ብርዱ ይሁን፣ ውሃው ባንድ ጊዜ መለወጡ ይሁን የገደላቸው፣ ያን ለይቼ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። እጁ የማን እንደ ሆነ ግን ያን ጊዜውኑ አወቅሁ። ደንግጬ ነበር፣ ሳላውቀው ከአፌ ወጣ፣ የምትል መውጫ አለችኝ ወይ? የለችኝም።

ካፒቴኑ እንግዳውን አስከትሎ ገባ። ያን ጊዜ ግን ቆቡን አወለቀ። የጎንደሩ ሹም የዓሣ ቤቱን አይቶ አንድ ነገር ተናገረና ሳቀ፤ ካፒቴኑ ፊቱ ደም መሰለ። ጮኸ። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ “መርዝ ነው፣ ዛሬ ዓሦቹን ነገ እኔን ነው ይላል” አለ። አርበኞቹ በጉና በኩል ያሉበት ጊዜ ስለ ነበር ጣሊያን ሁሉ ጥላውን ይፈራ ነበር። ውሃውን የሚያመላልሰውም፣ የሚበላውን ዓሣ የሚያቀርብለትም አደም ነው። ከገበያ አስጠርተው የበቅሎውን ከረጢት ፈተሹት፤ የተወቀጠ ብርብራ ተገኘበት።

ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው። ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረውና ያንሳፍፈዋል፤ የሐይቅ ሰው ለማስገር ይይዘዋል።

“ወላሂ፣ ለሥራየ የምይዘው ነው!” አለ አደም። “ሁሉም ሰው ይይዘዋል። እዚህስ ከከረጢቴ አላወጣሁትም።”

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። “አንች ቤት ውስጥ ነበርሽ” አለኝ። “ዛሬ ውሃው ላይ ሲጨምር ያየሽው ሰው አለ?”

አደም አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ እንዲያውም ፈታ አለ። እውነቱን የምትናገርልኝ ሰው ተገኘች ብሎ ነው።

“አደም ሲጨምር አይቸዋለሁ” አልሁ።

“ምን ሲጨምር?”

“ምን እንደ ሆነ አላውቅም።”

የመጀመሪያው ቃሌ እውነት ነው፤ የሐይቅ ውሃ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው ውሸት ነው። በመጀመሪያው እየተደገፍሁ ስንት ዓመት ራሴን ሸነገልሁ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለስሁትም፣ ለመመለስም አልሞከርሁም።

ለምን አደረግሁት? ፈርቼ ነው ልላችሁ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ፍርሃት ያስምራል። እኔ ግን አልፈራሁም። ውሃውን የቀየርሁት እኔ ነኝ ብል ካፒቴኑ ይጮኽብኝ ነበር፤ ምናልባት ያባርረኝ ነበር። ለእኔ ጅራፍ አያነሣም ነበር፤ ሞኝነት እንጂ ተንኮል እንደሌለብኝ ያውቃል። እኔን ያስጨነቀኝ እውነቱን ብናገር አስተርጓሚው የሚስቅብኝ ሳቅ ነው። ያን ሳቅ ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ይዞት ሲዞር ታየኝ። ጥሩነሽ ዓሣን እንደ ጋን አጥባ ፈጀችው! ይህ እንዳይባልብኝ ነው ሰው የሸጥሁት። የእኔ ወገን፣ የእኔ ደብር ሰው ቢሆን ኖሮስ አፌ እንዲያ በቀላሉ ይከፈት ነበር? አይመስለኝም። እሱንም ጽፌዋለሁ።

በማግስቱ አደባባይ ላይ ገረፉት። ጩኸቱ ካፒቴኑ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እኔ ወለል እየወለወልሁ ነበር፤ መወልወሌን አላቆምሁም። ከዚያ በገሳይ በኩል እስረኛ ድንጋይ ወደሚፈልጥበት የመንገድ ሥራ ላኩት። ካፒቴኑም ከዚያ በኋላ ዓሣ አላመጣም፤ ባዶውን መስተዋት እኔው ሳጸዳ ከረምሁ።

ጣሊያን ወጣ፤ እኔም ወደ ጋኔ ተመለስሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ቤቴ ሲጠጡ ስንቱ የሆዱን ሲዘረግፍ ሰምቻለሁ፤ የእኔን ግን ስንት ጋን ሙሉ ብቅል ሊያወጣው አልቻለም። ባል አገባሁ፤ ወለድሁ፤ ስሜም እንደ ተከበረ ኖረ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አደም በሬ ላይ ቆመ። ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድ ልጁንና ሴት ልጁን ይዞ ነው። ቀኝ እጁን ድንጋይ ጨፍልቆታል፤ ሦስቱ ጣቶቹ አይታጠፉም። መረብ መሳብ ስለማይችል ሐይቁን ትቶ፣ አንበሳሜ ገብቶ በርበሬና ጨው ይነግድ ነበር። ሳየው፣ አወቀ፣ ሊፋረደኝ መጣ አልሁ። ያን ቀን ቢፋረደኝ ኖሮ ምንኛ በወደድሁ!

“እንደምነሽ፣ እታለም” አለኝ። ገብቶ ተቀመጠ። ያቀረብሁለትን ውሃ አልነካም።

“ልቸግርሽ ነው የመጣሁ” አለ። “ይችን ልጄን ደኅና ሰው ጠይቋት ነበር። የመራዥ ልጅ ናት ብለው ቤተ ዘመዶቹ ከለከሉት። ልጆቼም እውነት ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ አልዋሽም፤ ዓሦቹን የገደልሁ እኔ ነኝ።”

“ምን?” አልሁ።

“ብርብራው ከከረጢቱ ተበትኖ ጣሳየን ነክቶት ኖሯል። ሌላ ምን ይገድላቸዋል? ድንጋይ ስፈልጥ ይህንኑ ነበር የማስብ። ወዲያ ባስብ፣ ወዲህ ባስብ፣ ከኔ እጅ በቀር ሌላ እጅ አጣሁ። ግን አስቤ አላደረግሁትም። አንች አይተሽኛል፤ ያየሽውንም ሳትጨምሪ ሳትቀንሽ ተናግረሻል፤ ቂም የለኝም። አስቤ እንዳላደረግሁት ለነዚህ ልጆች ንገሪልኝ። ያንች ቃል ይታመናል።”

እንግዲህ ፍረዱ። ጣሊያን የለም። አስተርጓሚው የለም። ጅራፍ የለም። በቤቴ ውስጥ አንድ የተሰበረ ሰውና ሁለት ልጆቹ፣ እና እኔ። ከዚህ የተመቸ የንስሐ ሰዓት ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? ግራዋ ነው ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል!

“ልጆች” አልሁ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። “አባታችሁ ተንኮል አልሠራም። ሳያውቅ የሆነ ስሕተት ነው። እኔ ምስክር ነኝ።”

ልጅቱ አለቀሰች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። አደም በግራ እጁ ዓይኑን ጠረገና “አላህ ይስጥሽ” አለኝ። በእኔ ምስክርነት ልጅቱ ለዚያው ሰው ተዳረች። ከዚያ ወዲህ አደም በየዓመቱ ከአንበሳሜ ምርጥ በርበሬ ይልክልኝ ነበር። አልመለስሁትም። ወጥ ሠርቼ በላሁት።

የመጀመሪያውን ጥፋት ትዕቢት ልበለው፤ ይህን ግን ምን ብዬ ልጥራው? መጀመሪያ ጀርባውን አስገረፍሁት፤ ኋላ ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሲያምን አሜን አልሁበት። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ሁለቱንም እኔ ነኝ ያደረግሁት።

በዚህ ክረምት አደም መሞቱን ሰምቼ በበቅሎ ወደ አንበሳሜ ለቅሶ ወረድሁ። ያች ልጁ ዛሬ የልጆች እናት ናት። አጠገቤ ተቀምጣ የአባቷን ነገር እያነሣች ስታለቅስ፣ እንዲህ አለችኝ፦ “እማማ፣ አባየ እስኪሞት ድረስ ለሰው ውሃ ቀድቶ አያውቅም። ልጆቼ ጠምቶን ነው ሲሉት እንኳ እኔን ይጠራኝ ነበር። ከንስራው አጠገብ ተቀምጦ ሌላ ሰው ይጠራል! ‘እጄ አይታመንም፣ ልጄ’ ይለኝ ነበር።”

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ በለቅሶው መካከል አፌ አልከፈት አለ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ይህን ጻፍሁ። ነገ ወረቀቱን ይዤ ወደ አንበሳሜ እመለሳለሁ። ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም ሰብስቤ፣ ቆሜ፣ እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ይቅር በሉኝ አልላቸውም። ይቅርታው የአደም ነበር፤ እሱ ሳይሰማ ሞቷል። እግዚአብሔር ይፍታሽ የሚለኝ ካህን አገኝ ይሆናል፤ እሱንም ከዚያ በኋላ እንጂ አስቀድሜ አልጠይቅም።

ሳነብላቸው ቢረግሙኝ አሜን እላለሁ። ከደጃቸው ቢያባርሩኝም እወጣለሁ። ከመውጣቴ በፊት ግን የልጅ ልጆቹን አንድ በአንድ እያየሁ ይህን እነግራቸዋለሁ፦ አያታችሁ ማንንም አልገደለም፤ ዓሣ እንኳ አልገደለም። ከእጁ ውሃ ልትጠጡ ትችሉ ነበር።